የፖኒ ጥንድ

«አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች፤ አሥር ቀን ሙሉ ድርሽ አላለችም። የክፍላችንን ባንዲራ ያስነጠቀችን እሷ ናት» አለ ሰውየው፣ ዳቦውን ፉሉ ውስጥ እያጠቀሰ።

ለአረጋሽ አልነበረም የተናገረው። ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ባልደረባው ነበር፣ በጁባ አረብኛ፣ ሰው ስለ ዝናብና ስለ መንገድ በሚያወራበት ድምፅ። አረጋሽ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ለሌላ ደንበኛ ልትመልስ ያወጣችው አምስት ፓውንድ እጇ ላይ ቀረ። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ጥብስ የሚያዝ የለም፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የምግብ ቤቷ ስምንት የፕላስቲክ ጠረጴዛዎች በፉልና በሽሮ ተይዘዋል፣ ጄኔሬተሩ ጓሮ ሆኖ ያጓራል፣ የቆርቆሮው ጣራ መጋል ጀምሯል። የጁባው አማራት ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሞልቷል፤ ሆቴል የከፈተው፣ መጋዘን የያዘው፣ በዕርዳታ ድርጅት የተቀጠረው። ልጁን ይዞ የመጣ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የአገሩ ጦርነት አብቅቶ ሰላሙ ከተፈረመ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነውና፣ ይጸና አይጸና እስኪለይ ብሎ ሁሉም ልጁን ለእናቱ ወይም ለእህቱ ትቶ ነው የመጣው። ከገበያው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት የምትማር የሐበሻ ልጅ አንዲት ብቻ እንደሆነች አረጋሽ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀጉሯን ለሁለት ጎንጉና፣ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን አልብሳ፣ ምሳ ዕቃዋን አስይዛ የሸኘቻት የራሷ ልጅ፣ ፀደንያ ናት።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «ይቅርታ፣ የልጅቷ ስም ማን ነው?» አለች በአማርኛ። አረብኛው ሁሉ ጠፍቶባት ነበር።

ሰውየው ቀና አለ። ረጅም ቀጭን ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዶ በጥንቃቄ ተሰፍቷል። ሉቃስ ይባላል፤ ጋምቤላ በስደት አድጎ፣ ሰላሙ ሲፈረም ወደ አገሩ የተመለሰ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ። አማርኛው ከእሷ አማርኛ አያንስም። «ፀደንያ ትባላለች» አለ። «የእርስዎ ልጅ ናት እንዴ?»

«ዛሬ ጠዋት ልኬያታለሁ። ትናንትም ልኬያታለሁ። በየቀኑ ነው የምልካት።»

ሉቃስ ዳቦውን አስቀመጠ። ከዚያ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ማስረዳት እንዳለበት ሰው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ክፍሉን ሲረከብ የተመዘገበው ልጅ ሰባ ነበር፤ የሚመጣው ግን ጥሩ በተባለ ቀን አርባ ነው፣ ዝናብ የጣለ ዕለት ደግሞ ሃያም አይሞላ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥንድ ሰጠው። ጥንዱ የቀረበት ልጅ ሄዶ ይዞት ይመጣል፣ ወይም የቀረበትን ምክንያት ያመጣል፤ ካላመጣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሩ ላይ በተደፋው ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ያሳልፋል። ብዙ ልጅ የመጣለት ክፍል ለሳምንት ባንዲራው በሩ ላይ ይሰቀልለታል፣ ደብተርም ይሸለማል። በሁለት ወር ውስጥ ከአርባ ወደ ስድሳ አንድ ደረሱ። ስድሳ አንድ የሚለውን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ አረጋሽም ሌላ ቀን ብትሰማው ጎበዝ መምህር ትለው ነበር። «የልጅዎ ጥንድ ፖኒ የምትባል ልጅ ናት» አለ። «መጀመሪያ የቀረችው ፖኒ ናት። ልጅዎ ሁለት ቀን ብቻዋን ተንበረከከች። በሦስተኛው ቀን እሷም ቀረች። ዛሬ ስምንት ተኩል ላይ አሥር ቀን የሞላቸውን ስም ከመዝገብ አወጣለሁ፤ ወንበር የሚጠብቁ ሠላሳ ልጆች ደጅ ናቸው።»

«የፖኒ ቤት ሄደው አይተዋል?»

«እህቴ፣ ሰባ ልጅ ነው ያለኝ።»

አረጋሽ የልጇ ጉልበት ላይ ያየችው ቁስል ትዝ አላት። ጨዋታ ነው ብላ አልፋው ነበር። ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ በየጠዋቱ በር ላይ የምትላት ነገር። «አንድ ቀን ብትቀሪ፣ አንዲት ቀን፣ አዲግራት ለአያትሽ ነው የምመልስሽ።» እንደ ቀልድ የጀመረችው ነበር። ልጅቷ ግን ከአባቷና ከእናቷ ከመለየት በላይ የምትፈራው ነገር አልነበረም፤ አረጋሽም ይህን ስለምታውቅ ነው የምትለው። ሽርጧን ፈታች።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ሒሩት ቆማ ነበር። ሒሩት የባሏ የሐጎስ እህት ናት። ሐጎስ ዕቃ ሊያመጣ ካምፓላ ሄዶ በዚያው ስለቆየ፣ በእሱ መዘግየት ሰበብ በተለዋወጡት ክፉ ቃል የተነሳ ሁለቱ ሴቶች ከተነጋገሩ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት፤ ጨው እንኳን የሚፈላለጉት በፀደንያ አፍ ነበር፤ «ለአክስትሽ በያት»፣ «ለእናትሽ በያት» እየተባባሉ። አሁን ሒሩት ማማሰያውን እንደያዘች፣ «እጇን አላየሽም?» አለች።

«እጇ ምን ሆነ?»

«መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። ቅባት ቀባሁላት። ምን ሆነሽ ነው ስላት ገመድ ስዘል ነው አለችኝ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ለምን እንዳልነገረቻት ሁለቱም ያውቁታል። አረጋሽ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ልጇን በየጠዋቱ በሞተር ሳይክል የሚያደርሳት ሰማን ከአሩዋ የመጣ ዩጋንዳዊ ነው። ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሌሎቹ የሞተር ታክሲ ነጂዎች ካሉበት የኒም ዛፍ ሥር አገኘችው፤ ሞተሩ ላይ ተጋድሞ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሲያያት ቀና አለ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ልጄ የት ናት?» አለችው በአረብኛ። ሰማን ወደ መሬት አየ። «ጀበል» አለ። ከተማው መጨረሻ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ነው። «ውሰደኝ» ብላው ከኋላው ወጣች፤ ምክንያቱም ሌላ የሚወስዳት አልነበረም፣ ቦታውን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር።

ወገቡን አልያዘችም። ከኋላዋ ያለውን የብረት መደገፊያ ጨብጣ፣ ዓይኗን የሸሚዙ ጀርባ ላይ ባለው የላብ መስመር ላይ ተከለች። ልጇን ለዚህ ሰው ስምንት ወር አምናዋለች። ስለ እሱ የምታውቀው ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ነው። አምና ረጃፍ በኩል ወንዝ ዳር ሞታ ተገኘች ስለተባለችው ልጅ ሴቶች ያወሩትን፣ ያኔ በግማሽ ጆሮዋ ብቻ የሰማችውን ወሬ፣ አሁን ቃል በቃል ሰማችው። ሞተሩ ጉዴሌ ሰፈር ገባ። የትናንቱ ዝናብ መንገዱን አላቁጦታል፤ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች፣ ሳሙናና ስኳር የሚሸጡ የሸራ ሱቆች፣ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ የውሃ ቦቴ አለፉ። ሰማን አንገቱን ወደ ኋላ እየመለሰ በንፋሱ ውስጥ ይጮኻል፤ «እሷ ናት ውሰደኝ ያለችኝ! እናቴ ታውቃለች አለችኝ! ማማ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አላመነችውም። ከዋናው መንገድ ታጥፎ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ወዳለበት ቀጭን መንገድ ሲገባ፣ ቦርሳዋን ከፍታ የምግብ ቤቱን ቁልፍ አወጣችና ሹሉን በጣቶቿ መሃል አድርጋ ጨበጠችው። ሰው የለም። ቤት የለም። ሣሩ ክንዷን ይገርፋታል። እዚህ ብጮህ ማን ይሰማኛል፣ ልጄስ እዚህ ብትጮህ ማን ሰምቷት ነበር፣ እያለች ነበር። በዚያ መሃል ድምፅ ሰማች፤ ቀ፣ ቀ፣ ቀ፣ ብዙ ሆኖ፣ ቆርቆሮ ላይ ሊጠነክር የጀመረ ዝናብ የሚመስል። የመዶሻ ድምፅ ነበር።

ሣሩ አለቀ። ኮረብታው ግርጌ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ሴቶች፣ ለየራሳቸው በወጠሩት የላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጠው ድንጋይ ይፈልጣሉ። በየጥላው ፊት የጠጠር ክምር አለ፤ ሆቴል የሚሠሩት፣ ቢሮ የሚሠሩት ሰዎች መኪና ልከው የሚገዙት ነው። አረጋሽ መጀመሪያ ያየችው ዩኒፎርሙን ነው። ሰማያዊው ቀሚስ በሥርዓት ታጥፎ ደረቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ካልሲዎቹ ጫማዎቹ ውስጥ ተጠቅልለው። ከዚያ ልጇን አየቻት። በቁምጣና በካናቴራ ሆና፣ ቁመቷ ዘለግ ካለ ቀጭን ልጅ ጎን ቁጢጥ ብላ፣ ትንሽ መዶሻ አንስታ ትጥላለች። ከኋላቸው፣ ጥላው ሥር፣ አንዲት ሴት በሸማ ተጠቅልላ ተኝታለች። ልጄ በሕይወት አለች። ስሟን ጠርታ ልትጮህ፣ ሮጣ ልትይዛት፣ ልትመታት አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ልጆቹ ድንጋያቸውን አሳርፈው የሚፈልጡበትን ነገር ያየችው።

ብረት ነው። ሌሎቹ ሴቶች የሚፈልጡት ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው፤ የትናንቱ ዝናብ ግን የፖኒን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭቃ ውስጥ አስምጦ፣ ከጎኑ ያለውን አፈር አጥቦ ይህን የዛገ ብረት አውጥቶላቸዋል። ግማሹ አሁንም መሬት ውስጥ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ ወደ ኋላው እየቀጠነ የሚሄድ፣ ጭራው ላይ ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፎች ያሉት። አረጋሽ የዛላምበሳ ልጅ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፈረሰው ቤታቸው ሲመለሱ እንዲህ ያለ ቅምቡላ በማሳውም በጓሮውም አይታለች፤ የጎረቤታቸው የገብረየስ ሁለት ልጆች በአንዱ ሲጫወቱ ምን እንደሆኑ የምታውቀው ሰምታ አይደለም።

የፀደንያ መዶሻ ወረደ። አረጋሽ ጥርሷን ነከሰች። ድንጋዩ ተሰነጠቀ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ብትጮህ ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ብትደነግጥ መዶሻው ከእጇ ያመልጣል። ከኋላዋ የሚመጣውን ሰማንን እጇን ዘርግታ አስቆመችው። «ፀዲዬ» አለች፣ ጠዋት ከእንቅልፍ በምትቀሰቅስበት ድምፅ።

ልጅቷ መዶሻውን እንዳነሳች ዞረች። ከንፈሯ ነጣ። «እማዬ፣ አትመልሺኝ» አለች። «አዲግራት አትመልሺኝ። ልንጨርስ ነው። የፖኒ እናት ስለታመመች ነው። ሰኞ ሁለታችንም እንገባለን።»

«አልመልስሽም። አልተቆጣሁም። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ መዶሻውን አታስቀምጪው። እንደያዝሽው ብድግ በይ።»

«ለምን?»

«ብድግ በይ ብቻ። ቀስ ብለሽ።»

ፀደንያ ተነሳች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ወደ እናቷ መጣች። ፖኒ ግን አማርኛ አታውቅም። ጓደኛዋን እናቷ ልትወስድባት እንደመጣች ብቻ ነው የገባት፤ መኪናው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አቀርቅራ አዲስ ድንጋይ ብረቱ ላይ አስተካከለችና መዶሻዋን አነሳች። አረጋሽ «ተዪው» የሚለውን የአረብኛ ቃል ፈለገች። በጁባ የተማረችው የገበያ አረብኛ፣ ስንት ነው፣ ውድ ነው፣ ቀንስ፣ የለም የሚለው ሁሉ በአንድ ጊዜ አፏ ላይ መጣ፤ የምትፈልገው ቃል ግን አልመጣም። መዶሻው ወረደ። የድንጋዩ ስባሪ ተፈናጥሮ የብረቱን ክንፎች መታና ቅጭል አለ።

«ፖኒ» አለች ፀደንያ በቀስታ፣ የእናቷን ፊት አይታ። «ተዓል።» ነይ ማለቷ ነው። ፖኒ አንዴ ክምሩን፣ አንዴ ሁለቱን አየች። ተነሳች።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደራቁ አረጋሽ ሁለቱንም ክንዳቸውን አንቃ ይዛ ሮጠች፤ ሣሩ ጋ ሳትደርስ አልቆመችም። «ፈንጂ!» አለ ሰማን ለሴቶቹ፤ ቃሉ ከጥላ ጥላ ዘለለ፣ የመዶሻው ድምፅም ከዳር እስከ ዳር ጸጥ አለ። ሴቶቹ ሕፃናቶቻቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። የፖኒ እናት ግን ከብረቱ አምስት እርምጃ ላይ እንደተኛች ናት። ሦስት ሳምንት ትኩሳት ያቃጠላት ሴት፣ ለመነሳት አቅም የላትም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰማን የራስ ቁሩን አውልቆ ለአረጋሽ ሰጣት፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ ሄደና ሴትዮዋን እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣት። ሲመጣ እንባው ይወርድ ነበር። አረጋሽ ቁልፉ አሁንም እጇ ውስጥ እንዳለ፣ መዳፏንም እንዳደማው ያየችው ያኔ ነው። ሰማንን ቀና ብላ ለማየት አፈረች።

ለሒሩት ደወለች። «አግኝተሻታል?» አለች ሒሩት፣ ሃሎ ሳትል። «አግኝቻታለሁ» አለች አረጋሽ። ከወዲያ የጄኔሬተሩ ድምፅና የሒሩት ለቅሶ ይሰማል። አረጋሽ ስልኩን ሳትዘጋ ረጅም ጊዜ ጆሮዋ ላይ ያዘችው።

ሰማን ያስጠራቸው ፈንጂ አምካኞች በነጭ መኪና መጥተው ቦታውን በቀይ ገመድ ከበቡት። ሊጭን የመጣው መኪና ባዶውን ተመለሰ፤ የሦስት ሳምንት ጠጠር ከገመዱ ወዲያ ቀረ። የፖኒ እናት ሰማንና አረጋሽ ክሊኒክ ሲያደርሷት፣ ወባ ነው ተብላ ግሉኮስ ሲሰካላት፣ የምትጠይቀው ስለ ክምሩ ብቻ ነበር፤ ሰው ይወስድብኛል፣ ማን ይጠብቅልኛል ትላለች። ሒሩት ሾርባ በቴርሞስ ይዛ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። «እማዬ፣ ስማችን ሊወጣ ነው» አለች ፀደንያ፤ ዩኒፎርሟን መልሳ ለብሳለች፣ ከሁሉ ነገር ይልቅ ይህ ነበር የሚያስጨንቃት። ከሞት አጠገብ እንደነበረች ገና አልገባትም። አረጋሽ ሁለቱን ልጆች ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች።

ሉቃስ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። ልጆቹ በአንድ አግዳሚ አምስት አምስት ሆነው ታጭቀዋል። አረጋሽ በር ላይ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚያውቀው እሱና ፀደንያ ብቻ ናቸው። «ልጄ ተመልሳ ያልመጣችው ጠጠርዎን ፈርታ ነው» አለችው። «ያልነገረችኝ ደግሞ እኔን ፈርታ ነው። ጓደኛዋ ሥራዋን ከጨረሰች ትመጣለች ብላ እርስዎ ያዘዟትን ነው ስታደርግ የከረመችው።»

«ይመጡ ነበር» አለ ሉቃስ። «እውነቴን ነው፣ ስድሳ አንድ ይመጡ ነበር። ከቤታቸው ማምጫ ሌላ መንገድ አላወቅኩም።» ወደ ሁለቱ ልጆች ሄደና የፖኒን መዳፍ ገልብጦ አየ፤ ቀጥሎ የፀደንያን። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሰኞ ጠዋት ጠጠሩን ከበሩ ላይ ራሱ እንደሚያነሳ፣ የቀሩትንም ልጆች ቤት ለቤት እንደሚዞር ሊነግራት ጀመረ፤ አረጋሽም ልታምነው ፈለገች። በዚያ መሃል መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ድምፁ ከምዕራብ፣ ከኮረብታው ነው የመጣው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረት የሚያንኳኳ። ቆርቆሮው ተንገጫገጨ። አረጋሽ ምን እንደሆነ ሲገባት፣ አምካኞቹ እንዳፈነዱት ሲገባት፣ ክፍሉ ባዶ መስሎ ነበር። ስድሳ የሚሆን ልጅ አንድም ሳይጮህ አግዳሚው ሥር ገብቷል፤ ማንም ሳያዛቸው፣ ከጦርነቱ ዘመን ጀምሮ እንደ ትምህርት በቃላቸው እንደያዙት። ሉቃስም ጥቁር ሰሌዳው ሥር በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። ቀስ ብሎ ተነሳ። የሸሚዙ ፊት አቧራ ሆኗል። አላራገፈውም፣ ማንም አልሳቀበትም። «ኻላስ» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «አለቀ። ውጡ።»

ልጆቹ አንድ በአንድ ከአግዳሚው ሥር ወጡ። ፀደንያና ፖኒ ግን አልወጡም። አረጋሽ ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ ሰብስበው ተቀምጠዋል። የልጇ ዓይን ጠዋት የማያውቀውን ነገር አሁን ያውቃል። ቀሚሷን ሰብስባ በእንብርክክ አግዳሚው ሥር ገባችና ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ያ ብረት ነው?» አለች ፀደንያ።

«እሱ ነው።»

«ሌላም አለ?»

አረጋሽ የለም ልትላት አፏን ከፈተች። ሰኞ ማለዳ ገመዱ ሲነሳ ሴቶቹ መዶሻቸውን ይዘው ወደዚያው እንደሚመለሱ፣ ኮረብታውም ሰፊ እንደሆነ አሰበች። ሉቃስ ከላይ ሆኖ የሰኞውን የቤት ሥራ ለልጆቹ እየነገራቸው ነው።

«አላውቅም ልጄ» አለች፣ ሁለቱንም ወደ ራሷ እየሳበች። «አላውቅም።»